ስለ ቃጠሎ አደጋ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት በቃጠሎ ሕክምና ክፍል ታማሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ከአደጋው የመጀመሪያ ደቂቃ ተነሥተው ጠባሳው እስከሚቀርበት ዘመን ይዘልቃሉ።

ሰው በተቃጠለ ቅጽበት መጀመሪያ ምን መደረግ አለበት?

ከሁሉ አስቀድሞ ቃጠሎው እንዲቆም ይደረጋል። ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው መሮጡን ትቶ መሬት ላይ እንዲንከባለል ወይም በወፍራም ጨርቅ እንዲሸፈን ይደረጋል፤ ፍል ውሃ ወይም ትኩስ ሻይ የፈሰሰበት ሰው ደግሞ የረጠበው ልብስ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ቶሎ ሊወልቅለት ይገባል። ቀልጦ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይነቀልም፤ ዙሪያው በመቀስ ተቆርጦ ባለበት ይተዋል። ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ሰዓት እብጠቱ ሳይጀምር መውለቅ አለባቸው፤ ጣት ላይ የቀረ ቀለበት ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የደም ዝውውርን የሚያግድ ማነቆ ይሆናል።

ቀጥሎ የተቃጠለው ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ይያዛል። 20 ደቂቃ ሲነገር አጭር ይመስላል፤ እያለቀሰ ያለ ሕፃን አቅፎ ቧንቧ ሥር ለቆመ ሰው ግን ረጅም ስለሆነ፣ ብዙዎች ሕመሙ ጋብ ሲል ገና በሁለተኛው ደቂቃ ያቋርጡታል። ውሃው የሚያስታግሰው ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ በቆዳው ውስጥ የቀረውን ሙቀት አውጥቶ ቃጠሎው ወደ ጥልቀት እንዳይሄድ ያደርጋል። ወዲያውኑ ውሃ ያላገኘ ሰው እንኳ አደጋው ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ቢያቀዘቅዘው ይጠቀማል። በረዶ ግን የደም ሥሮችን አኮማትሮ ጉዳቱን ስለሚያባብስ አይደረግም። ቃጠሎው ሰፊ ሲሆን፣ በተለይም በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ፣ ውሃው የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ እየፈሰሰ የቀረው የሰውነት ክፍል በብርድ ልብስ መሸፈን አለበት።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ወይም የታጠበ ጨርቅ ይደረግበታል። ፕላስቲኩ ከላይ ይነጠፋል እንጂ እጅን ወይም እግርን ዙሪያውን አጥብቆ አይጠመጠምም፤ ከሥሩ ያለው አካል ማበጡ አይቀርምና።

ቅቤ፣ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ማር መቀባት ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ቅባት ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል፤ እንቁላል ለተህዋሲያን ምግብ ይሆናል፤ የጥርስ ሳሙና ደግሞ ቆዳውን ከማቃጠሉም በላይ ደርቆ የቁስሉን መልክ ይሸፍናል። ሐኪሙ የቃጠሎውን ጥልቀት የሚያውቀው ቀለሙን አይቶ ስለሆነ፣ የተቀባው ሁሉ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ይህም ለታማሚው ከቃጠሎው ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ስቃይ ነው። የደረቀ የጥርስ ሳሙና ከሕፃን ደረት ላይ በጨው ውሃ እያረጠበ ፈቅፍቆ ያወጣ ነርስ ምክሩን ለመስጠት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ስለ ማር የሚጠየቀው ግን ለየት ይላል። በጨረር ከተህዋሲያን የጸዳ፣ ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማር በአንዳንድ ቀለል ያሉ ቃጠሎዎች ላይ እንደ ቁስል መሸፈኛ ይሠራበታል። ይህ ግን ቁስሉ ታጥቦና ተመርምሮ የሚደረግ ሕክምና ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በውሃ ፈንታ ከማሰሮ የተቀዳ ማር ለመቀባት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ምንድን ነው?

ደረጃው የሚያመለክተው ሙቀቱ ወደ ቆዳው ውስጥ የዘለቀበትን ጥልቀት ነው። የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ የነካው፣ ለምሳሌ ፀሐይ የሚያመጣው ዓይነት፣ ያማል እንጂ ውሃ አይቋጥርም፤ በሳምንት ውስጥም ያለ ጠባሳ ይድናል። ሁለተኛው ደረጃ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል የገባ ሲሆን በውስጡ ሁለት ዓይነት አለ። ላይ ላዩን የነካው ውሃ ይቋጥራል፣ ሥሩ ሮዝና እርጥብ ነው፣ ነፋስ ሲነካው እንኳ ያማል፣ በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል። ጠለቅ ያለው ግን ነጣ ያለ ወይም ደመቅ ያለ ቀይ መልክ ይይዛል፣ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ለመዳን ከ3 ሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ጠባሳም ይተዋል። ሦስተኛው ደረጃ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች የጨረሰ ነው፤ ነጭ፣ ቡናማ ወይም የከሰለ ሆኖ እንደ ቁርበት ይጠነክራል፣ ነርቮቹም ስለሞቱ በመርፌ ቢወጋ አይሰማም። ስለዚህ «ብዙም አያመውም» የሚለው የአስታማሚ ቃል ለሐኪም ጆሮ የሚያጽናና ዜና አይደለም።

ጥልቀቱን ለመለየት ሐኪሙ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ ቁስሉን ተጭኖ ይለቀዋል። ቦታው ነጥቶ ወዲያው ወደ ሮዝነቱ ከተመለሰ ደም በደንብ እየተዘዋወረ ነው፤ ሲዘገይ ጠልቋል፤ ቀይ ሆኖ ሲጫኑት ጨርሶ የማይነጣ ከሆነ ደግሞ ደሙ ከሥሮቹ ወጥቶ ቆዳው ውስጥ ረግቷል ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ፣ የሞተው የላይኛው ሽፋን ተነሥቶ ሥሩን ማየት ግድ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ደረጃ የተባለው ቁስል በሦስተኛው ቀን ለምን ሦስተኛ ደረጃ ሆነ?

ይህን ሲሰሙ ብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ሐኪም የተሳሳተ ይመስላቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ግን ቁስሉ ራሱ ነው። ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳስረዳው፣ አንድ ቃጠሎ ሦስት ቀጠናዎች አሉት፦ በመሃል ወዲያው የሞተው ሥጋ፣ በዙሪያው ደሙ የደከመበትና በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ሥጋ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ደም በዝቶበት የቀላውና የሚድነው ሥጋ።

የሕክምናው ትግል በመካከለኛው ቀጠና ላይ ነው። ታማሚው ፈሳሽ ካነሰው፣ ከበረደው፣ ቁስሉ ኢንፌክሽን ከያዘው ወይም እብጠቱ ደም ካገደ፣ ያ ቀጠና ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሞቶ ከመሃሉ ጋር ይቀላቀላል፤ ቁስሉም ይሰፋል፣ ይጠልቃል። በአግባቡ ከተያዘ ግን ሊተርፍ ይችላል። የ20 ደቂቃው ውሃ፣ የደም ሥር ፈሳሹ፣ ክፍሉን ማሞቁ፣ የተቃጠለውን እጅ ከፍ አድርጎ ማስቀመጡ ሁሉ የሚደረጉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ስለ ጥልቀቱ የመጨረሻ ቃል አይሰጥም፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ያየዋል።

«የሰውነቱ 30 በመቶ ተቃጥሏል» ሲባል እንዴት ተለክቶ ነው?

ለትንንሽና ለተበታተኑ ቃጠሎዎች መለኪያው የታማሚው የራሱ መዳፍ ነው፤ ጣቶቹ ተገጣጥመው ሲዘረጉ መዳፉ ከጣቶቹ ጋር የሰውነቱን ቆዳ 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል። ለሰፋፊዎቹ የዘጠኝ ሕግ የሚባለው ይሠራል፦ በአዋቂ ሰው ላይ ራስ 9፣ እያንዳንዱ እጅ 9፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ ደረትና ሆድ በአንድነት 18፣ ጀርባ 18፣ ብልት አካባቢ 1 በመቶ ይያዝለታል።

የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ ይህ ቀመር ለሕፃናት እንዳለ አይሠራም፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ራሱ ብቻ 18 በመቶ ሲሆን እያንዳንዱ እግር 14 ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1944 ሉንድና ብራውደር ያወጡት በዕድሜ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ እስካሁን በየቃጠሎ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንደኛ ደረጃው፣ ማለትም መቅላት ብቻ ያለበት ቦታ፣ በስሌቱ አይገባም፤ ይህን መርሳት ፈሳሽ ያለ ልክ እንዲሰጥ ከሚያደርጉ የተለመዱ ስሕተቶች አንዱ ነው።

የትኛው ቃጠሎ ቤት ውስጥ ይታከማል፣ የትኛውስ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል?

ከመዳፍ ያነሰ፣ ላይ ላዩን የሆነ፣ ውሃ ቢቋጥር እንኳ ሥሩ ሮዝ የሆነ የአዋቂ ሰው ቃጠሎ በጤና ጣቢያ ታጥቦና ተሸፍኖ በተመላላሽነት ሊድን ይችላል። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት አካባቢና መገጣጠሚያ ላይ ያለ፣ አንድን አካል ዙሪያውን የከበበ፣ ሦስተኛ ደረጃ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የደረሰ፣ ጭስ የተሳበበት ቃጠሎ ግን መጠኑ ቢያንስም የባለሙያ ዓይን ይፈልጋል። በስፋት ረገድ ብዙዎቹ የሕክምና መመሪያዎች ለአዋቂ 10 በመቶን፣ ለሕፃን ደግሞ 5 በመቶን ወደ ቃጠሎ ክፍል የመላኪያ ወሰን ያደርጋሉ። አደጋው ደረሰ የተባለበት ሁኔታና የቁስሉ መልክ የማይጣጣሙበት የሕፃን ቃጠሎ፣ ለምሳሌ ሁለቱም እግሮች በአንድ መስመር ላይ እንደ ካልሲ የተቃጠሉበት፣ ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይመረመራል።

ውሃ የቋጠረው ቆዳ ይፈንዳ ወይስ ይተው?

ቤት ውስጥ ማንም ሊያፈነዳው አይገባም። ትንሽና ያልተወጠረ ከሆነ ራሱ ተፈጥሯዊ መሸፈኛ ነው። ትልቁን፣ የተወጠረውን፣ መገጣጠሚያ ላይ የወጣውን ወይም ራሱ የፈነዳውን ግን ሐኪሙ በንጽሕና ከፍቶ የሞተውን ሽፋን ያነሣል፤ አንደኛ ሥሩን አይቶ ጥልቀቱን ለመለየት፣ ሁለተኛ ተንጠልጥሎ የቀረው የሞተ ቆዳ የተህዋሲያን መሸሸጊያ እንዳይሆን ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል? ውሃ ቢጠጣ አይበቃም?

ቃጠሎው ሰፊ ሲሆን የደም ሥሮች ግድግዳ ያፈስሳል፤ የደሙ ውሃና ፕሮቲን ወደ ሥጋው መካከል ይሰርጋል፣ ሰውነቱ እያበጠ ደሙ ግን ይደርቃል። ይህ ካልተተካ የደም ግፊት ወርዶ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። አንጀትም በዚያ ሰዓት ስለሚደክም፣ ብዙ ውሃ የጠጣ ታማሚ ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ በአዋቂ ከ20፣ በሕፃን ከ10 በመቶ በላይ ለሆነ ቃጠሎ ፈሳሹ በደም ሥር ይሰጣል።

መጠኑን ለማስላት በሰፊው የሚታወቀው ቀመር ቻርልስ ባክስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማ ዳላስ በሚገኘው የፓርክላንድ ሆስፒታል ያወጡት ነው፦ 4 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ) በኪሎ ክብደቱ፣ በተቃጠለው መቶኛ ተባዝቶ። 60 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሰው በ24 ሰዓት 7200 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ግማሹ፣ 3600ው፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት፣ ቀሪው በተከታዮቹ 16 ሰዓታት ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ 8ቱ ሰዓታት የሚቆጠሩት ታማሚው ሆስፒታል ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ደቂቃ መሆኑ ነው። ይህ ሰው 2 ሰዓት ዘግይቶ ከመጣ 3600ውን ለመጨረስ የቀሩት 6 ሰዓታት ስለሆኑ በሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ይገባለታል።

ቀመሩ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የሚበልጠው መለኪያ በሽንት ቱቦ የሚወርደው ነው፦ ለአዋቂ በኪሎ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ለሕፃን 1 ሚሊ ሊትር። ሽንቱ ሲያንስ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ሲበዛ ይቀነሳል። ፈሳሽ ማብዛት ሳንባን ያጥለቀልቃል፣ ሆድን ይወጥራል፣ እብጠቱን ያባብሳል፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ ለአዋቂዎች ከ4 ፈንታ በ2 ሚሊ ሊትር የሚጀምሩ መመሪያዎች በርክተዋል። ለትንንሽ ሕፃናት ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ስኳር ያለው የዕለት ፈሳሽ ይሰጣል፤ የጉበታቸው ክምችት ቶሎ ያልቃልና።

እየተናገረ ነበር የመጣው፤ ለምን ቱቦ በጉሮሮው አስገቡለት?

በተዘጋ ቤት ውስጥ ከእሳት ጋር የቆየ፣ ፊቱ የተቃጠለ፣ የአፍንጫው ጠጉር የተለበለበ፣ ጥቀርሻ ያለበት አክታ የሚተፋ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሰዓት ይናገራል፤ ጉሮሮው ግን በቀጣዮቹ ሰዓታት እያበጠ ይጠብባል፣ የደም ሥር ፈሳሹም ሲጀመር እብጠቱ ይብሳል። ሲተነፍስ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ቱቦ ማስገባት እጅግ ይከብዳል፤ አንዳንዴም አይቻልም። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው መንገዱ ገና ክፍት ሳለ ቀድሞ ያስገባል።

ሌላው ጠላት የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ግን ሁለቱን ስለማይለይ 99 በመቶ እያሳየ ሰውየው ሊታፈን ይችላል። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ወይም በቱቦ ሲሰጥ በተለመደው አየር ከ4 ሰዓት በላይ የሚፈጀው የጋዙ ግማሽ መውጫ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መለኪያው ደህና አለ ተብሎ ኦክስጅኑ አይነሣም።

አንቲባዮቲክ ለምን አልታዘዘለትም?

ኢንፌክሽን ሳይኖር ለመከላከል ተብሎ በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለአብዛኛው ቃጠሎ አይመከርም። የተቃጠለው ሥጋ ደም ስለሌለው መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም፤ የሚያተርፈው መድኃኒት የተለማመዱ ተህዋሲያንን ማራባት ነው። መከላከያው ቁስሉን ማጠብ፣ የሞተውን ማንሣትና በጊዜ መሸፈን ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ግን ይጣራል፤ ካልተሟላም ይሰጣል።

ቁስሉ ሲሸት፣ መግል ሲይዝ፣ ዙሪያው ሲቀላና ሲያብጥ፣ ወይም ሲድን የነበረው ሲጠቁር ናሙና ተወስዶ ተገቢው አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ትኩሳት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ያለ ኢንፌክሽንም ሙቀቱ ከፍ ይላል። በተቃራኒው፣ ትንሽ ቃጠሎ ያለበት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድንገት ቢያተኩስ፣ ሽፍታ ቢወጣበት፣ ቢያስቀምጠውና ቢደነዝዝ፣ ቁስሉ ንጹሕ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ቁስሉ ላይ ያሉ ተህዋሲያን የሚለቁት መርዝ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ቁስሉ በምን ይሸፈናል? በየቀኑስ መፈታት አለበት?

ለዘመናት የቃጠሎ ክፍል መለያ የነበረው ነጩ ክሬም፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን፣ ተህዋሲያንን ይገድላል፤ ነገር ግን በየቀኑ መታጠብና መቀባት ይፈልጋል፣ ቁስሉ ላይ ጥልቀቱን የሚሸፍን ሽፋን ይፈጥራል፣ ላይ ላዩን የሆነውን ቃጠሎም መዳኑን ያዘገያል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት፣ ለመውለድ ለደረሰች ነፍሰ ጡርና ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። በዚህ ምክንያት ብር ያለባቸውና ለበርካታ ቀናት ሳይፈቱ የሚቆዩ መሸፈኛዎች በተገኙበት ሁሉ እየተመረጡ ነው። እነዚህ በሌሉበት በቫዝሊን የራሰ ጎዝ ከላዩ ወፍራም ደረቅ ጎዝ ተደርጎበት ለቀላል ቃጠሎ በቂ ነው።

ፋሻ ሲፈታ ያለው ሕመም ከባድ ስለሆነ፣ የሕመም ማስታገሻው ፋሻው ከተነካ በኋላ ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በፊት መሰጠት አለበት። ለቀላሉ ፓራሲታሞልና መሰሎቹ፣ ለከባዱ በደም ሥር የሚሰጥ ሞርፊን፣ ለሕፃናትና ለሰፋፊ ቁስሎች ደግሞ ኬታሚን ይሠራል። «ትንሽ ቻል» ብሎ ማለፍ የሚያስከትለው ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ቀን ተጨንቆ የታጠበ ሕፃን በሚቀጥለው ቀን ነርሷን ከሩቅ ሲያያት ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ ለፊዚዮቴራፒም እጁን አይሰጥም።

ለምን በሕይወት ያለ ሰው ክንድ ላይ ቆዳውን በቢላ ቀደዱት?

ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን ሲከብ፣ የሞተው ቆዳ እንደ ደረቀ የከበሮ ቆዳ ይሆንና አይለጠጥም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን እያበጠ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ደም ወደ ጣቶቹ መድረስ ያቆማል፦ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ሲንቀሳቀሱ ያማሉ። በደረት ላይ ሲሆን ደረቱ መነፋት ስለማይችል ታማሚው ይታፈናል። ኤስካሮቶሚ የተባለው ቀዶ ሕክምና የሞተውን ቆዳ በክንዱ ሁለት ጎን ከላይ እስከ ታች እስከ ስቡ ድረስ ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ሲከፈት ጠርዞቹ በዓይን እያዩት ይለያያሉ፣ ጣቶቹም ይሞቃሉ። የሚቆረጠው የሞተ ቆዳ ስለሆነ መልሶ አይሰፋም፤ ኋላ ከሌላው ቁስል ጋር በንቅለ ተከላ ይሸፈናል።

ቀዶ ሕክምናና የቆዳ ንቅለ ተከላ መቼ ያስፈልጋል? ከዘመድ ቆዳ መውሰድስ ይቻላል?

በ3 ሳምንት ውስጥ በራሱ የማይድን ቃጠሎ ሁሉ፣ ማለትም ጠለቅ ያለው ሁለተኛ ደረጃና ከትንሽ በቀር ሦስተኛ ደረጃው፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ቀድሞ የሞተው ቆዳ በራሱ በስብሶ እስኪላቀቅ ለሳምንታት ይጠበቅ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙዎች በኢንፌክሽን ያልቁ ነበር። በስሎቬንያ የማሪቦር ከተማ ትሠራ የነበረችው ቀዶ ሐኪም ዞራ ያንዤኮቪች የሞተውን ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስሱ እየላጡ አንሥቶ ወዲያው በቆዳ መሸፈን እንደሚሻል አሳየች፤ ውጤቷን እ.ኤ.አ. በ1970 ካሳተመች በኋላ አሠራሩ በዓለም ተስፋፋ። ቢላው አንድ ስስ ሽፋን ይልጣል፤ ከሥሩ ግራጫና ደረቅ ከሆነ ሌላ ይላጣል፤ ነጠብጣብ ደም በእኩል ሲወጣ በሕይወት ያለው ሥጋ ላይ ተደርሷልና ይቆማል። ደሙ ብዙ ስለሚፈስ ሰፊ ቃጠሎ በአንድ ጊዜ አይሠራም፤ የተዘጋጀ ደም ከሌለም አይጀመርም።

የሚተከለው ቆዳ ከታማሚው ከራሱ፣ ብዙ ጊዜ ከጭኑ፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ስስ ሽፋን ይላጣል። ቁስሉ ሰፊና ቆዳው ጥቂት ሲሆን በማሽን ተበስቶ እንደ መረብ ይለጠጣል፤ የዓሣ መረብ የመሰለው መልኩ ዘወትር ይቀራል፣ ስለዚህ ለፊትና ለእጅ ያልተበሳው ይመረጣል። የተተከለው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ የሚመነጨውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፤ ከዚያ አዳዲስ የደም ሥሮች ይገቡበታል። ከሥሩ ደም ከተቋጠረ፣ ከተንሸራተተ ወይም ኢንፌክሽን ከያዘው ይሞታል። ፋሻው እስከ 5ኛው ቀን አካባቢ እንዳይነካ፣ ታማሚውም ያንን አካል እንዳያንቀሳቅስ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የተላጠው ጭን በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል፣ በአስፈላጊ ጊዜም እንደገና ይላጣል፤ ታማሚዎች ከተተከለው ይልቅ የተላጠው እንደሚያማቸው ይናገራሉ፣ እውነትም ነው።

የእናት ወይም የወንድም ቆዳ በቋሚነት አይያዝም፤ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይጥለዋል። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። ከሞተ ለጋሽ ተወስዶ የሚቀመጥ ቆዳ ግን ሰፊ ቁስልን ለጊዜው ሸፍኖ የታማሚው የራሱ ቆዳ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል።

ምን ይብላ?

ሰፊ ቃጠሎ የሰውነትን የኃይል ፍጆታ እስከ እጥፍ ድረስ ያደርሰዋል፤ ያ ኃይል ከምግብ ካልመጣ ከራሱ ጡንቻ ይወሰዳል። አዋቂ ታማሚ በቀን በኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ በአፉ መብላት ካልቻለ በአፍንጫ በገባ ቱቦ፣ ከተቻለም በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጀመርለታል። አስታማሚዎች ሾርባና ጭማቂ ብቻ ማቅረባቸው በቅን ልቦና ነው፤ ቁስል የሚዘጋው ግን በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በወተትና በጥራጥሬ ነው። ክፍሉም መሞቅ አለበት፤ የሚንቀጠቀጥ ታማሚ የበላውን ሁሉ ለሙቀት ያቃጥለዋል።

የኤሌክትሪክና የኬሚካል ቃጠሎ ከእሳቱ በምን ይለያል?

በኤሌክትሪክ ላይ ቆዳው የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። በመዳፍና በእግር ሥር ሁለት ትንንሽ ጥቁር ቁስሎች ብቻ ይታዩና በመካከላቸው ያለው ጡንቻ በሙሉ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ የመቶኛው ስሌት እዚህ ያታልላል። ልብ ሊዛባ ስለሚችል የልብ ምርመራ ይደረጋል፤ ከሞተው ጡንቻ የሚወጣው ቀለም ሽንቱን እንደ ጥቁር ሻይ ካደረገው ኩላሊቱ እንዳይዘጋ ፈሳሹ ከተለመደው በላይ ይጨመራል። የጡንቻውን ሽፋን መክፈት፣ አንዳንዴም አካሉን መቁረጥ ያስፈልጋል። አዳኙም መጀመሪያ ኃይሉን ሳያጠፋ ታማሚውን መንካት የለበትም።

ኬሚካል ደግሞ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ማቃጠሉን አያቆምም፤ ስለዚህ ውሃው ከ20 ደቂቃ በጣም አልፎ ይቀጥላል፣ ለአልካሊ ዓይነቱ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ላለው) ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። እንደ ኖራ ያለ ደረቅ ዱቄት ግን ውሃ ከመንካቱ በፊት በብሩሽ ይራገፋል። አሲድን በአልካሊ ለማክሸፍ መሞከር አዲስ ሙቀት ስለሚፈጥር አይደረግም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለብቻው ነው፦ ትንሽ ቁስል ቢመስልም የደምን ካልሲየም አውርዶ ልብን ሊያቆም ስለሚችል በካልሲየም ግሉኮኔት ይታከማል።

ይተርፋል?

ቤተሰብ በኮሪደሩ ላይ ሐኪሙን የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ሐኪሙም ከሁሉ በፊት የሚያስባቸው ሦስት ነገሮች ዕድሜው፣ የተቃጠለው ስፋትና ጭስ መሳቡ ናቸው። የቆየ ስሌት አለ፤ ዕድሜውና መቶኛው ይደመራሉ፣ ጭስ ከሳበ 17 ይጨመራል፣ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይከብዳል። የ25 ዓመት ወጣት በ40 በመቶ ቃጠሎ 65 ይሆናል፤ የ75 ዓመት አዛውንት በዚያው ቃጠሎ 115 ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የወጣው ከብዙ ሰዎች ነው፤ የፊታችን ያለውን አንድ ሰው የሚወስኑት ፈሳሹ በሰዓቱ መጀመሩ፣ ቁስሉ በስንተኛው ቀን መሸፈኑና ቀድሞ የነበሩበት ሕመሞችም ናቸው። ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነቅቶ ሊናገር ስለሚችል፣ የሚናዘዘው ወይም የሚያየው ዘመድ ካለ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ዕድሉ ሊሰጠው ይገባል።

ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ለምን እየወፈረና እየጎተተ ሄደ?

ቁስል ሲዘጋ ሥራው አላለቀም። ጠባሳ ከተዘጋ በኋላ ለወራት እየቀላ፣ እየወፈረና እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚለሰልሰው ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ታማሚው የሚያርፍበት አቀማመጥ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ክርኑን አጥፎ፣ ክንዱን ከጎኑ ለጥፎ መተኛቱ፣ ጠባሳው በዚያው እንዲደርቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አንገት የተቃጠለበት ሰው ትራስ ይከለከላል፤ ብብቱ የተቃጠለ ክንዱ ተዘርግቶ ይታሰራል፤ እጅ በስፕሊንት (ቅርጹን ጠብቆ በሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ) ይያዛል። እንቅስቃሴው የሚጀመረው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ አዲስ የተተከለ ቆዳ ሲኖር ብቻ ለቀናት ይቆማል።

ከተዘጋ በኋላ በቀን 23 ሰዓት የሚለበስ አጥብቆ የሚይዝ ልብስ፣ የሲሊኮን ሽፋን፣ ቅባት ያለው ማሻሸትና ከፀሐይ መከላከል ይታዘዛሉ። ማሳከኩ እንቅልፍ እስከ መንሣት ይደርሳል፤ ቅባትና የአለርጂ ክኒን ካልበቃ ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ይሞከራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ መገጣጠሚያው ከተጎተተ ጠባሳውን በቀዶ ሕክምና መልቀቅ ይቻላል፤ የሚሻለው ጠባሳው እስኪበስል መጠበቅ ሲሆን፣ ዓይኑን መክደን ያልቻለ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ግን አይጠብቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ አልድን ብሎ የሚያዥ፣ ጠርዙ የሚያብጥ ቁስል ከወጣ፣ በዚያ ላይ የቆዳ ካንሰር ሊነሣ ስለሚችል ቅባት እየቀቡ ከመቆየት ይልቅ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።